የፈጠራ ችሎታና የመምህሩ ሥልጣን፦ በቴሌቪዥን ትምህርት ላይ የቀረበ ሂስ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ሽቅብ ለሚወጣ ሰው፣ የካዛንቺስ ሠፈር ከመድረሱ በፊት የአፍሪካ አዳራሽ ይታየዋል። ይህ ሕንፃ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ስፍራ በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከግንቦት 7 እስከ 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ የሕንፃው ባለቤት የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከዩኔስኮ ጋር በመተባበር የአፍሪካን መንግሥታት ስለ ትምህርት ልማት እንዲወያዩ በአዲስ አበባ ሰብስቧቸው ነበር። ከስብሰባው የወጣውና የአዲስ አበባ ዕቅድ በመባል የሚታወቀው ሰነድ፣ በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ሕፃናት እንዲዳረስ፣ 3 ከመቶ ብቻ የነበረው የሁለተኛ ደረጃ ተሳትፎም ወደ 23 ከመቶ ከፍ እንዲል ግብ አስቀመጠ።

ዕቅዱ ስለ ቁጥር ብቻ የተናገረ አልነበረም። በአፍሪካ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት ከአገሩ ኑሮ የራቀ መሆኑን ገልጾ፣ ሥርዓተ ትምህርቱና የመማሪያ መጻሕፍቱ ከልጁ አካባቢ ተነሥተው እንዲሻሻሉ ጭምር አሳስቧል። ነገር ግን ከሁለቱ አደራዎች አንዱ በቀላሉ የሚቆጠር ሲሆን ሌላው አይቆጠርም። ስለዚህም የተመዘገበው ተማሪ ብዛት በየዓመቱ ሲመረመር፣ ተማሪው በክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቀው ክፍል ለሌላ ጊዜ ሲተላለፍ ኖሯል።

የዚህ ሂስ ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ፈጠራን ለማበረታታት የተደረጉት ታላላቅ ጥረቶች፣ ፈጠራን ከውጭ ተዘጋጅቶ ለመምህሩ እንደሚታደል ዕቃ ቆጥረውታል። ፈጠራ ግን የሚበቅለው መምህሩ ለተማሪው በሚሰጠው ሥራ ውስጥ ነው። ሥራውን የመምረጥና ውጤቱን የመመዘን ሥልጣን ከመምህሩ እጅ ሲወጣ፣ የተማሪው ፈጠራም አብሮት ይወጣል። ለዚህ ዋና ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ በተለምዶ አጠራሩ «ፕላዝማ» ነው።

ሀ. አንዱ እጅ የሰጠውን ሌላው ሲወስድ

መምህሩ ያልተማከረበት ዕቅድ ምን እንደሚደርስበት የኢትዮጵያ ትምህርት ታሪክ አስቀድሞ አሳይቷል። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ሴክተር ጥናት ትምህርትን ከገጠሩ ሕዝብ ኑሮ ጋር ለማስማማት የታሰበ፣ በብዙ ባለሙያዎች የተደከመበት ሥራ ነበር። ሆኖም ይዘቱ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጊዜ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ተማሪዎችና ወላጆችም ተቃወሙት፤ ተግባራዊነቱም ታገደ። በጥናቱ ውስጥ ሊመረመሩ የሚገባቸው ጠቃሚ ሐሳቦች ነበሩ። ነገር ግን በክፍል የሚፈጽመው ሰው የእኔ ነው ያላለው ሐሳብ፣ መልካምም ቢሆን፣ ሐሳብ ሆኖ ይቀራል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ከዓላማዎቹ አንዱ አደረገ። ይህንኑ በመከተል በ1996 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ መርሐ ግብር ሥራ ላይ ሲውል፣ ዕጩ መምህራን ንግግር አብዝቶ ከማስተማር ይልቅ ተማሪውን የሚያሳትፍ ስልት እንዲከተሉ፣ በቡድን እንዲያሠሩና ተከታታይ ምዘና እንዲያደርጉ ሠለጠኑ። መምህሩ አስተላላፊ ብቻ ሳይሆን አሰላሳይም እንዲሆን ተጠየቀ።

ብዙም ሳይቆይ፣ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን፣ የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ ክፍሎች በቴሌቪዥን መሣሪያ ተሞሉ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በደቡብ አፍሪካ ተቀርጸው በሳተላይት ለመላው አገሪቱ በአንድ ሰዓት የሚሠራጩ ነበሩ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛው ለሥርጭቱ ተሰጠ። ለመምህሩ የቀሩት በመጀመሪያ ለማስተዋወቅ፣ በመጨረሻም ለማጠቃለል የሚበቁ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ባለፈው ዓመት ተማሪን አሳትፍ ተብሎ የተመረቀው ወጣት መምህር፣ በዚህ ዓመት ከመስኮቱ ጎን ቆሞ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ እንዲያይ ተደረገ። ሁለቱም ውሳኔዎች የወጡት ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሁለቱም በጥራት ስም የወጡ ናቸው።

ለፍርድ ሚዛን ሲባል የመርሐ ግብሩን በጎ ጎን መናገር ይገባል። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት የኬሚካል ውሁደትን በምስል ማሳየት ቀላል አገልግሎት አይደለም። የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ባጠረበት ወረዳ የሚገኝ ተማሪ፣ የመዲናዪቱ ተማሪ ያገኘውን ትምህርት በዚያው ሰዓት ማግኘቱ የእኩልነት ጥያቄ ነበር። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች የተነሡት ከእውነተኛ ችግር ነው። ሂሱ የሚነሣው መሣሪያው በመግባቱ ሳይሆን፣ መሣሪያው የያዘው ስፍራ የመምህሩ ስፍራ በመሆኑ ነው።

ጉድለቱ በሦስት ነገሮች ተገልጧል። አንደኛው ጊዜ ነው። ሥርጭቱ ላልገባው ተማሪ አይቆምም፤ የገባውንም አይፈትንም። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ትምህርቱ ካለፈበት ያልፋል። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ በፍጥነት የሚቀርበውን ገለጻ ለመከታተል የተቸገረው ተማሪ፣ ሐሳቡን ለመመርመር ከመድረሱ በፊት በቃላቱ ላይ ይደክማል። ቀድሞ መምህሩ በአማርኛም ሆነ ተማሪው በሚያውቀው በሌላ ቋንቋ ጣልቃ እየገባ ያቃናው የነበረውን አሁን የሚያቃናበት ጊዜ አልነበረውም።

ሦስተኛውና ዋናው የጥያቄው ዓይነት ነው። አቅራቢዋ በመስኮቱ ጥያቄ ታቀርባለች፤ ለመልሱም አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ትሰጣለች። ደቂቃው ሲያልቅ ትክክለኛውን መልስ ራሷ ትናገራለች። ተማሪው ምን እንደ መለሰ አትሰማም። የመልሰኛው ድምፅ የማይሰማበት ጥያቄ ደግሞ አንድ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ መሆኑ ግድ ነው። ባልተጠበቀ መንገድ ወደ ትክክለኛው ውጤት የደረሰ ልጅ፣ ወይም ስሕተቱ ራሱ ለክፍሉ ትምህርት የሚሆን ልጅ፣ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚታይበት ዐይን የለም። የፈጠራ መጀመሪያ ግን ይኸው ያልተጠበቀው መልስ ነው።

ለ. ከሌሎች አገሮች ሊወሰድ ይገባ የነበረው ትምህርት

ይህ ልምድ በዓለም የመጀመሪያው አልነበረም። በአሜሪካ ሳሞዋ ደሴቶች በ1964 እ.ኤ.አ. ቴሌቪዥን የትምህርቱ ዋና ተሸካሚ እንዲሆን ተደርጎ፣ የክፍል መምህሩ የሥርጭቱ ረዳት ሆኖ ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ግን ቴሌቪዥኑ ወደ ደጋፊነት ተመለሰ። በአይቮሪ ኮስትም በ1971 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በቴሌቪዥን ለማዳረስ በሰፊው የተጀመረው መርሐ ግብር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቆሟል። በሁለቱም አገሮች መሣሪያው ጠፍቶ የቀረ ዕውቀት አልነበረም፤ መምህራን ቦታቸውን መልሰው ጠየቁ እንጂ። በ1997 ዓ.ም. ይህ ሁሉ የታወቀ ነገር ስለ ነበር፣ የኢትዮጵያው ዕቅድ ከዚያ ታሪክ ተነሥቶ «መምህሩ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ይገባው ነበር።

ሐ. የቅኔ ቤት ምስክርነት

ፈጠራን የሚያስተምር ስልት ሲፈለግ ዐይን ወደ ውጭ ብቻ መመልከቱ ሌላው ስሕተት ነው። የአገሪቱ ጥንታዊ ትምህርት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በቃል ማጥናት ነው። ይህ ስለ ንባብ ቤትና ስለ ዜማ ቤት ከተነገረ ከእውነት አይርቅም። ስለ ቅኔ ቤት ከተነገረ ግን ፍጹም ስሕተት ይሆናል። በጎንጅ፣ በዋድላና በዋሸራ ስልት በተደራጁት የቅኔ ጉባኤዎች ተማሪው የሚመዘነው አዲስ ነገር በመፍጠሩ ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚናገር ተማሪ ዐዋቂ ሳይሆን ሌባ ይባላል።

የሥልጠናው አካሄድ ሊጤን ይገባዋል። ጀማሪው ግሱንና አገባቡን እያጠና በሁለት ቤት ከምታልቀው ከጉባኤ ቃና ይነሣል። ቀጥሎ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሸጋገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። መምህሩ ቅኔ ዘርፎ ምሥጢሩን ያብራራል፤ ተማሪው ከሰው ርቆ፣ ጸጥታ ካለበት ስፍራ ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያርማል። የአንዱ እርማት የሁሉም ትምህርት ነው።

በዚህ አካሄድ ውስጥ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የጎደሉት አራት ነገሮች ይገኛሉ። ሥራው ትንሽ ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ልኩና ዜማው አይጣስም። ውጤቱ አዲስ መሆን ይገባዋል። ሰሚ መምህር አለው። ፈጠራ ሕግ የሌለበት ነፃነት ነው የሚለው አስተሳሰብ፣ እንዲሁም ፈጠራ ለጥቂት ባለ ተሰጥዎ የተተወ ነው የሚለው አስተሳሰብ፣ ሁለቱም በቅኔ ቤት ፊት ይፈርሳሉ። በዚያ ጉባኤ ፈጠራ ከሁሉም ተማሪ የሚጠየቅ የዕለት ሥራ ነው።

ይህ ሲባል የቅኔ ቤት እንዳለ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይግባ ማለት አይደለም። የቅኔ ትምህርት ተፈጥሮን በሙከራ ለመመርመር የተቋቋመ አይደለም። ሴቶች ልጆችንም በሰፊው አላስተናገደም፤ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው፣ ከዕውቀታቸው ጥልቀት ሌላ፣ የእርሳቸው ዕድል ለብዙ ሴቶች ስላልደረሰ ጭምር ነው። ሊወሰድ የሚገባው ሥርዓቱ ነው፦ ትንሽ ሥራ፣ ግልጽ ሕግ፣ አዲስ ውጤት፣ በጉባኤ የሚደረግ እርማት።

መ. ፈተናው የሚናገረው

መምህራን ስለ ፈጠራ በተነሣ ቁጥር የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ «ፈተናውስ?» ይላሉ። ይህ ሰበብ ሳይሆን ትክክለኛ ክርክር ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበሩ። ይህን የሰማ ርእሰ መምህር መጀመሪያ የሚያስበው ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ሰብስቦ ማስጠናትን ነው። አይፈረድበትም።

ነገር ግን ከእነዚህ ቁጥሮች የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው። እነዚህ ተማሪዎች የተማሩት ምርጫ እያጠቆሩ ለመፈተን በሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ነው። ለዓመታት የተለማመዱት ያንኑ ሆኖ ሳለ በዚያው መወደቃቸው፣ ማስጠናት ለፈተናም እንኳ የማይበቃ ስልት መሆኑን ያመለክታል። ሐሳቡን ያልተረዳ ልጅ የጥያቄው መልክ ትንሽ ሲለወጥ መንገዱ ይጠፋበታል። ስለዚህ ፈጠራና ውጤት ተቃራኒዎች ናቸው የሚለው ፍርሃት እንደገና ሊመረመር ይገባዋል። ራሱ ጥያቄ አውጥቶ የሚያውቅ ተማሪ የሌላው ጥያቄ አያስደነግጠውም።

ሠ. አደባባዩ እንደ መማሪያ ክፍል

ከላይ የተባለው በሥራ ሲገለጽ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚያስተምር መምህር መስቀል አደባባይን በእግር ይደርስበታል። በመማሪያ ክፍል የተለመደው ጥያቄ «የደመራ በዓል በአዲስ አበባ የሚከበረው የት ነው?» የሚል ሲሆን አራት አማራጮች ይከተሉታል። ይህን ጥያቄ መልሶ የሚያድግ ልጅ የለም፤ መልሱን ከመማሩ በፊትም ያውቀዋል።

የሒሳብ መምህሩ በምትኩ ተማሪዎቹን ከአደባባዩ ደረጃዎች ፊት ሊያቆማቸው ይችላል። ደረጃዎቹ ቅስት የሠሩ ናቸው፤ ሙሉው ክብ ግን የለም። ገመድና ሜትር ብቻ ይዘው የማይታየውን ክብ ራዲየስ እንዲያገኙ ቢጠይቃቸው፣ በመጽሐፍ ያጠኑት የአውታር ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ይሠራላቸዋል። ከዚያው ቦታ ቀና ሲሉ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ይታያቸዋል። በዚህ አካባቢ የምሥራቅ–ምዕራቡና የሰሜን–ደቡቡ መስመሮች በአንድ ሐዲድ ይገናኛሉ፤ ኋላም ይለያያሉ። «በሁለቱ መስመሮች ባቡሮች በተለያየ የደቂቃ ልዩነት ቢመጡ፣ በጋራው ሐዲድ ላይ እንዳይገናኙ የጊዜ ሰሌዳቸው እንዴት ይዘጋጅ?» የሚለው ጥያቄ የትንሹ የጋራ ብዜት ጥያቄ ነው። ከአንድ በላይ ትክክለኛ ሰሌዳ ስላለውም የሁለት ቡድኖች መልስ ተለያይቶ ሁለቱም ሊያርፍ ይችላል።

የታሪክ መምህሩ ደግሞ አደባባዩ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ መባሉንና በኋላ ወደ መስቀል አደባባይ መመለሱን ይዞ፣ ተማሪዎቹ በቤታቸው ያሉ ሽማግሌዎች የትኛውን ስም እንደሚጠሩና ስለ ምን እንደሆነ ጠይቀው እንዲጽፉ ሊያዝ ይችላል። በአደባባዩ ዳር የቆመው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለዚህ ጽሑፍ ሁለተኛ ምንጭ ይሆናል። ተማሪው የሚያመጣው መልስ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ስለሆነ ከጓደኛው ሊገለብጠው አይችልም።

ተማሪዎቹ በርካታ ናቸው፤ በአንድ ክፍል ስድሳና ከዚያ በላይ ለሚያስተምር መምህር ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። መልሱ የቅኔው ጉባኤ ራሱ ነው። መምህሩ የስድሳውን ሥራ በየቀኑ አያርምም። ስድሳው በአሥር ቡድን ተከፍሎ አሥር ጥያቄ ወይም አሥር መፍትሔ ያወጣል። መምህሩ ከእነዚህ ሁለቱን በሁሉም ፊት ያርማል፤ ቀሪዎቹ በዚያ እርማት ሥራቸውን ራሳቸው ያቃናሉ። ወጪው ወረቀትና የአንድ ክፍለ ጊዜ ጥበብ ነው።

ረ. ማጠቃለያ

በ2015 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጸድቋል። አዲሱ ፖሊሲ የቀድሞዎቹ ዕጣ እንዳይደርሰው ዕቅድ አውጪዎች ሦስት ነገሮችን ቢያስቡባቸው ይጠቅማል። አንደኛ፣ በየትምህርቱ ዓይነት በየወሩ ቢያንስ ጥቂት ክፍለ ጊዜያት መምህሩ ሥራውን ከአካባቢው መርጦ እንዲያዘጋጅባቸው በመርሐ ግብሩ ውስጥ በግልጽ ይያዙለት። ሁለተኛ፣ ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ሲጎበኝ የትምህርት ዕቅዱ መሞላቱን ብቻ ሳይሆን በዚያ ወር ተማሪው ራሱ ያወጣው ጥያቄ ወይም የሠራው ነገር ምን እንደሆነ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ቴሌቪዥንም ሆነ ኮምፒዩተር ወይም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ማናቸውም መሣሪያ ወደ ክፍል ሲገባ፣ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው መምህሩ ይሁን። መዝጊያውን መምህሩ የማይነካው መሣሪያ ረዳት ሳይሆን ተተኪ ነው።

መምህራንም ሥልጣን እስኪሰጣቸው መጠበቅ የለባቸውም። በሳምንት አንዲት ባለ ሁለት ቤት ሥራ፣ ማለትም አጭር፣ ሕግ ያላት፣ መልሷ አስቀድሞ ያልታወቀ ሥራ ለመስጠት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ አፈወርቅ ተክሌ በባለ ቀለም መስታወት የሠሯቸው፣ 150 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሸፍኑ ሦስት መስኮቶች የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያሉ። መስኮቶቹ ሲሠሩ ነገ ተብሎ የተሣለው ዘመንና የአዲስ አበባው ዕቅድ ግብ የተቆረጠለት 1980 እ.ኤ.አ. ሁለቱም አልፈዋል። የአዳራሹ እድሳት በ2017 ዓ.ም. ተጠናቆ መስኮቶቹ እንደገና ብርሃን ያስገባሉ። የሥዕል መምህሩ የመስኮቶቹን ፎቶግራፍ ክፍል አምጥቶ «አራተኛ መስኮት ቢጨመር ምን ይሣልበት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን የሚያውቅ መምህር የለም፤ በሣጥን ታሽጎ የሚመጣ መልስም የለም። ከስድሳው ልጆች የሚቀርቡትን ስድሳ መልሶች ተቀብሎ የሚያርም መምህር ግን ያስፈልጋል።